አልጋ የሚወጣበት ሰዓት

ሐሙስ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቡ የባቡር ጣቢያ ስንደርስ ገና አልነጋም ነበር። እኅቴ ቡና የሞላ ቴርሞስና በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ታቅፋ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ሰልፍ ላይ ቆማለች። «ማሙሽ፣ መታወቂያህን ይዘሃል?» አለችኝ ለሦስተኛ ጊዜ። ሰባ ዓመት ሞልቶኛል። ማሙሽ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ከእርሷ በቀር አልቀረልኝም፤ አሥር ጊዜ ብትጠራኝም አይሰለቸኝም።

የምንሄደው ቤት ለማየት ነው። ያደግንበት ቤት ነው እንጂ የእኛ አልነበረም። አባዬ ድሬዳዋ በምድር ባቡር አቴሊዬ፣ ማለትም በጥገና ወርክሾፑ ውስጥ፣ የቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ባለሙያ ስለነበር ከዚራ ላይ ለሠራተኛ ከሚሰጡት ቤቶች አንዱ ደርሶት ነበር። እኔ እዚያ ተወለድኩ። በ1959 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ ደንቡ እንደሚያዘው ቁልፉን አስረክቦ፣ ሁላችንንም ይዞ አዲስ አበባ ገባ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሥራ ምክንያት ሁለት ጊዜ ድሬዳዋ አድሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደዚያ መንገድ ሳልታጠፍ ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ እኅቴ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም። ባለፈው እሑድ የፋሲካ ምሳ ላይ ግን «ዘንድሮ ካልሄድን እንግዲህ መቼም አንሄድም፤ ጉልበቴ እምቢ እያለኝ ነው» አለች። በማግስቱ ትኬት ቆረጥኩ።

አዲሱ ባቡር ንጹሕ ነው፤ ይፈጥናልም። በልጅነታችን የምናውቀው ባቡር ከለገሀር ሲነሣ መሬቱ ይንቀጠቀጥ፣ የናፍጣው ሽታ እስከ ማታ ልብስ ላይ ይቆይ ነበር። ሊቶሪና የምንላትን ባለሞተር ሠረገላ ለመሳፈር ዕድል ያገኘ ልጅ ለወር ያህል ሰፈሩን ሲያስቀና ይከርማል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ድምፅ ነበረው። ባቡሩ ገና ሳይቆም ሴቶችና ሕፃናት የተቀቀለ እንቁላል፣ ብርቱካንና ውሃ ይዘው በመስኮቶቹ ሥር ይሮጣሉ፤ እማዬ ከመስኮት ላይ ሆና ትከራከራለች፤ ፉጨቱ ከተነፋ በኋላ ሳንቲሙን ትወረውራለች። ዛሬ ሞጆንም አዳማንም አልፈን ስንሄድ መስኮቱ አይከፈትም፤ ሠረገላው ውስጥ ከሰዎች የስልክ ወሬ በስተቀር የሚሰማ የለም። አዋሽ ስንደርስ እኅቴ ፊቷን መስታወቱ ላይ ለጥፋ የድሮውን ቡፌ ፈለገች። ቡገንቪላ የተጠመጠመበት በረንዳ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሱ ጠረጴዛዎች፤ አባዬ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደሞዝ የተጨመረለት ዓመት፣ እዚያ ምሳ ጋብዞናል። የአሁኑ ሐዲድ በዚያ በኩል ስለማያልፍ አላየነውም። ፊቷን ከመስታወቱ አንሥታ ዳቦውን ቆረሰችልኝ።

ከአዋሽ በኋላ በቀኛችን የጨርጨር ተራሮች በርቀት ሰማያዊ ሆነው ተከተሉን፤ በግራችን የግራር ቁጥቋጦ፣ አሸዋና ግመል ነው። አባዬ በዚህ መንገድ በተጓዝን ቁጥር የሚነግረን አንድ ታሪክ ነበር። አፄ ምኒልክ የፈቀዱት ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። መሐንዲሶቹ ግን ያን ተራራ ሽቅብ ሲመለከቱት ወጪውም ድካሙም የሚቻል አልሆነም። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ቆመ፤ አዲስ የተቆረቆረውንም ሰፈር «አዲስ ሐረር» አሉት። ከዚያ ገንዘብም አለቀ፣ ጠብም ተነሣ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። «ተራራው እምቢ ባይል እኛ እዚህ አንወለድም ነበር» ይለን ነበር አባዬ። ልጅ ሆኜ ያን ተራራ እንደ ዘመድ ነበር የማየው።

ከሰዓት በኋላ ደረስን። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ በባጃጅ ገባን። ሙቀቱ በር ላይ እንደሚቆም ሰው ተቀበለን። እኅቴ ነጠላዋን አውርዳ «እፎይ» አለች። እፎይታዋ ገረመኝ፤ እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ።

ዛሬ ልደታ ናት። ከሆቴላችን ጀርባ ባለው ግቢ ሰዎች እንደ ወጉ ከደጅ ተቀምጠው ንፍሮ ይበላሉ። እኅቴ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስባ እስኪመሽ ተመለከተቻቸው።

ዓርብ፣ ግንቦት 2

ፀሐይ ሳትበረታ ብለን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወጣን። ከዚራን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከዚራ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ከመጋላ ሰፈር የሚለየው፣ ባቡሩን ተከትሎ በፈረንሳዮቹ ፕላን የተሠራ ሰፈር ነው። መንገዶቹ በክር የተሰመሩ ይመስል ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ ተገናኝተው ጣሪያ ሆነዋል። ወሩ ግንቦት ስለሆነ የድሬዳዋ ዛፍ አብቧል። ይህ ዛፍ በሌላው የአገራችን ክፍል በከተማችን ስም ይጠራል፤ ልጆች ሳለን ግን ለእኛ ዝም ብሎ ቀዩ ዛፍ ነበር። ረጅሙን ደረቅ ፍሬውን ጎራዴ አድርገን እንፋለምበታለን፤ ስንወዘውዘው ውስጡ ያለው ዘር ይንሿሿል። ዛሬም አንድ ወድቆ አገኘሁና አነሣሁት። እስከ ማታ ከእጄ አላስቀመጥኩትም።

ወደ ሰፈራችን ስንታጠፍ ክርክር ጀመርን። ቤቶቹ ሁሉ መንትያ ናቸው፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ፊት ለፊት በረንዳ፣ ኋላ ግቢ። እኔ ከማእዘኑ አራተኛው ነው አልኩ። እኅቴ ሦስተኛው ነው አለች። ቆመን ስንከራከር አንድ ልጅ ብስክሌቱን አቁሞ አዳመጠን። በመጨረሻ ሦስተኛውን በር አንኳኳች።

የከፈቱልን ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው፤ እጃቸው ሊጥ ነክቷል። እኅቴ ስሟንም አልተናገረችም፣ ከየት እንደመጣንም አልነገረችም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እመቤቴ፤ በኋላ ባለው ግቢ፣ በግራ ግድግዳ፣ ከቧንቧው ከፍ ብሎ የተደፈነ ቀዳዳ አለ?» አለቻቸው። ሴትየዋ ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቷት። ከዚያ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈቱትና «ግቡ» አሉን።

ቀዳዳው አለ። ማለቴ፣ የተደፈነበት አለ። ከሌላው ግድግዳ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ የሁለት ጡብ ስፋት ያለው የሲሚንቶ ልጥፍ ነው። እኅቴ መዳፏን አስደግፋበት ቆመች፤ እኔ ወደ ቧንቧው ዞርኩ።

ከዚያ ግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት የየመን ዐረቦች ነበሩ። እናትየውን ሁላችንም ኡሚ ነበር የምንላት፤ የገዛ ልጆቿም፣ እኛም፣ አባዬም ጭምር። ጡቡ መቼ እንደወለቀ አላውቅም፤ እኔ ነፍስ ሳውቅ ቀዳዳው ነበረ። በረመዳን ማታ ማታ ከወዲያ ወዲህ ባጂያና ሳምቡሳ ይመጣል፤ ሲጋገር የዋለ ድፎ በፋሲካ ከወዲህ ወዲያ ይሄዳል። ሥጋ ግን አልፎበት አያውቅም። ይህን ማንም ተቀምጦ አላስተማረንም፤ ቀዳዳው ራሱ የሚያውቀው ይመስል ነበር። እኅቴና የኡሚ ትልቋ ልጅ ደግሞ ወሬ ያሳልፉበታል። ከእኩለ ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከተማው ሁሉ በሙቀቱ ምክንያት ይተኛል፤ ሥራም ይዘጋል፤ ልጅ ድምፅ ካሰማ ይቀጣል። በዚያ ሰዓት ሁለቱ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አንዷ በዚህ ሌላዋ በዚያ ወገን፣ አፋቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው ሲንሾካሾኩ ይውላሉ። ምን እንደሚያወሩ ዛሬም አትነግረኝም።

የመጋላው ዐረብ፣ የአርመኑ ሱቅ፣ የግሪኩ መጋዘን ጠባቂ፣ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፤ እንዲህ ሲዘረዘር ለእንግዳ የሚነገር ወሬ ይመስላል። ለእኛ ግን በጎረቤቶቻችን ቋንቋዎች መንደሪን መግዛት ወይም መሰዳደብ ማንም የማይደነቅበት ነገር ነበር። አቴሊዬውን አቴሊዬ፣ አለቃውን ሼፍ፣ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ እንላለን። ፈረንሳይኛ መሆኑን ያወቅሁት አዲስ አበባ ገብቼ የክፍል ጓደኞቼ ሲስቁብኝ ነው።

ባለቤቲቱ ሻይ አፍልተው በረንዳው ላይ አስቀመጡን። በረንዳው አሁን በብሎኬት ተዘግቶ አንድ ተጨማሪ ክፍል ሆኗል፤ የተረፈው ሁለት ወንበር የሚያስቀምጥ ቦታ ነው። ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ የውሃ ታንከርና የሳተላይት ሳህን አለ። የኒሙ ዛፍ ወፍሯል። ባለቤታቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ፤ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። እዚህ ቦታ ላይ፣ ከዚህ በረንዳ ጥግ፣ አባዬ ሬዲዮኑን ያስቀምጥ ነበር ብዬ አሳየኋቸው። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በአዲስ አበባ የበላች ዕለት የዚህ የቤቶች መስመር ሰው በሙሉ እዚህ ግቢ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነው። ጨዋታው ተራዘመ፤ 4 ለ 2 ሲያልቅ የኡሚ ባል ጥምጣሙን ወደ ላይ ወረወረ፤ ጥምጣሙም ኒሙ ላይ ተሰቅሎ አደረ።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግራቸው የፈለግሁት ስለ አልጋዎቹ ነበር።

ከመጋቢት እስከ መስከረም ቤት ውስጥ የሚተኛ ሰው አልነበረም። ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ይተፋዋል። ስለዚህ ከራት በኋላ አልጋ ይወጣል። በሰፈሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት፣ በየግቢው፣ የአልጋ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ይሰማል። እያንዳንዱ ቦታ አለው። የአባዬ የሽቦ አልጋ በሩ አጠገብ ነው፤ እግሩ ወደ በሩ፣ ራሱ ወደ እኛ። የእማዬ ከውሃው ጋን ጎን ነው፤ ሌሊት ልጅ ውሃ ቢጠማው ከአልጋዋ ሳትነሣ በጣሳ ቀድታ ታቀብላለች። የእኅቴ ታጣፊ አልጋ ከቀዳዳው ሥር ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ክርክር አይነሣም። የእኔና የታናሽ ወንድሜ ከኒሙ ጥላ ወጣ ብሎ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ላይ ነው። አንሶላው በውሃ ይረጫል፤ እስኪደርቅ እንቅልፍ ይወስድሃል። አጎበሩ በአራት የቀርከሃ ዘንግ ይወጠራል። እማዬ ሮቃ የሚባለውን ጎምዛዛ የዛፍ ፍሬ ማታውኑ ትዘፈዝፋለች፤ ጠዋት ፍሬውን በእጇ አሽታ፣ በሻሽ አጥልላ፣ ስኳር ጨምራ ታስቀምጠዋለች። ቀዝቃዛው ሮቃ ጉሮሮ ላይ የሚያደርገውን ነገር ከዚያ በኋላ በጠጣሁት መጠጥ ሁሉ ፈልጌ አላገኘሁም።

መብራት ከመጥፋቱ በፊት አባዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሰላም እደሩ» ይላል። ለእኛ አይደለም፤ ለመስመሩ ነው። ከግራው ግድግዳ የኡሚ ባል «ቱስቢሑ ዐላ ኸይር» ይመልሳል። ከቀኙ የአባዬ የሥራ ባልደረባ «ነጋን ቡላ» ይላል። ከእርሱ ወዲያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ፤ በመጨረሻ ከማእዘኑ ቤት ግሪኩ ሙሴ «ካሊኒኽታ» ይላል፤ የእርሱ ድምፅ ሲደርስ በጣም ቀጥኖ ነው። እኔ ሁልጊዜ የሙሴን ድምፅ ጠብቄ ነበር የምተኛው። ሙሴ ካላለ አንድ ሰው የጎደለ ይመስለኛል።

ባለቤቲቱ አዳምጠው ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኛም ስንገባ እንዲያው ነበር» አሉ። «አሁን ማን ይወጣል? ቬንትሌተር መጣ። ደግሞ ትንኙ። በ2011 ቺኩንጉንያ የገባ ጊዜ ይህ መንገድ በሙሉ ወድቆ ነበር፤ እኔ ራሴ ሁለት ወር ጣቴን ማጠፍ አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልጋ አልወጣም።» ስንወጣ የእኅቴን እጅ ይዘው እሑድ ዳግም ትንሣኤን አብረናቸው እንድንውል አስማሉን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 3

ጠዋት ወደ አቴሊዬው ሄድን። ጣቢያው ፊቱ እንዳለ ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የአሮጌው መስመር ባቡር ከቆመ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ግቢው ውስጥ ሠረገሎቹ ጎናቸው ዝጎ፣ በመንኰራኵሮቻቸው መካከል ሣር በቅሎ ቆመዋል። አንድ ጡረተኛ አስጎበኙን፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ያንሳሉ። የአባዬን ስም ስነግራቸው አላወቁትም፤ ቢያውቁት ነበር የሚገርመኝ። ሥራውን ስነግራቸው ግን ቀጥታ ወደ ቶርኖዎቹ ረድፍ መሩኝ።

ከጣሪያው ሥር ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ዘንግ አለ፤ ከዘንጉ በየማሽኑ ላይ የቆዳ ቀበቶ ይወርዳል። አንዱ ዘንግ ሲዞር ሁሉም ማሽኖች ኃይል ያገኛሉ። የትኛው የአባዬ እንደነበር ማወቅ አልችልም። አንዱን መርጬ እጀታውን ያዝኩት። ብረቱ በእጅ ብዛት ተበልቶ መሐሉ ቀጥኗል፤ አራት ጣቶች የሚያርፉበት ቦታ ለይቶ ይታያል። ጣቶቼን አስገባሁ፤ ልክ አልመጡም። ከእኔ የሚሰፋ እጅ ነው፤ የአባዬ እጅ ደግሞ ከእኔ ያንስ ነበር። ስለዚህ የእርሱ አይደለም። ወደሚቀጥለው ሄድኩ። ሽማግሌው ምን እንደማደርግ ገባቸውና ወደ መስኮቱ ዞር አሉልኝ። አምስት ማሽን ሞከርኩ። አምስተኛው ላይ ጣቶቼ ጠበባቸው። እዚያ ላይ ቆምኩ።

አባዬ ማታ ሲገባ ይሸት የነበረው ሽታ አሁንም አለ፦ የማሽን ዘይትና የጋለ ብረት። እማዬ የሥራ ልብሱን ከእኛ ልብስ ለይታ በላምባ ታጥበው ነበር። በኪሱ ውስጥ የተጠቀለለ የብረት ፍቅፋቂ ያመጣልን ነበር፤ እንደ ፀጉር ተጠቅልሎ የሚያበራ፣ ሰማያዊና ወርቃማ። አሻንጉሊት የምንለው እርሱን ነው። ጣታችንን ሲቆርጠን እማዬ ትቆጣዋለች፤ በማግስቱ ሌላ ያመጣል።

ከዚያ ደቻቱን ተሻግረን ከፊራ ገበያ ገባን። ሮቃ ለመግዛት ነው። ገበያው በቅስት በሮቹ ውስጥ እንደ ድሮው ይጫጫል፤ ቅመሙ፣ ተምሩ፣ ሐልዋው። የሮቃዋ ሻጭ ወጣት ናት። እኅቴ በኦሮምኛ ጠየቀቻት። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ኦሮምኛ ነው፤ ሲወጣ አንድም ቃል አልጎደለበትም። ልጅቱ ሳቀችና «አቦ፣ የአያቴን አነጋገር ነው የምታወሪው» ብላ ጭማሪ ሰጠቻት።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ ቆምን። ደቻቱ ዛሬ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እኛም እዚያ ነበር የምንጫወተው፤ እማዬ ግን ወደ ደንገጎ በኩል ደመና ካየች በቀበቶ ታሳድደናለች። የደቻቱ ጎርፍ ክፉነቱ እዚህ ዝናብ ሳይጥል መምጣቱ ነው። ዝናቡ ከላይ፣ ደጋው ላይ ይወርዳል፤ ከተራራው ተሰብስቦ ሲመጣ ከተማው ላይ ፀሐይ ሊኖር ይችላል። ድምፁ ከውሃው ይቀድማል፤ የዕቃ ባቡር ድልድይ ላይ ሲያልፍ የሚሰማውን ይመስላል።

ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. የመጣው ግን ሌሊት ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያን ጠዋት አዲስ አበባ ሆኜ በሬዲዮ ስሰማ ስልክ አንሥቼ የምደውልለት ሰው ፈለግሁ። አንድም አልነበረም። በተወለድኩበት ከተማ ያን ያህል ሕዝብ ሲያልቅ ደኅና ነህ ወይ ብዬ የምጠይቀው አንድ ሰው አለመኖሩ ከሁሉ ይልቅ አሳፈረኝ። ኡሚና ልጆቿ በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ የመን ሄደዋል፤ ግሪኩ ሙሴም አገሩ ገብቷል፤ የአባዬ ባልደረባ ቀድሞን አርፏል። ይህን ለእኅቴ ዛሬ ድልድዩ ላይ ነገርኳት። እርሷም ያን ቀን ስልክ ይዛ ተቀምጣ እንደነበረ ነገረችኝ። በአንድ ከተማ እየኖርን፣ በየሳምንቱ እየተገናኘን፣ ለ18 ዓመት አንዳችን ለሌላችን አልተነፈስንም።

እሑድ፣ ግንቦት 4፤ ዳግም ትንሣኤ

ቤተ ክርስቲያን ስመን ስንመለስ እኅቴ ትናንት ማታ በሆቴሉ ወጥ ቤት ፈቃድ ጠይቃ የዘፈዘፈችውን ሮቃ በጆግ ይዛ ነው ወደ ሰዎቹ ቤት የሄድነው። ባለቤቲቱ ዶሮ ሠርተዋል። ልጃቸው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው መካኒክ፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሮቃ ቀምሶ ዝም አለና ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ።

ምሳ ላይ የቁልቢ ነገር ተነሣ። ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባቡር ተሳላሚ ጢም ብሎ ሞልቶ ይደርስ ነበር፤ የሚያርፍበት ያጣ ሰው በከዚራ በየግቢው ያድራል። እማዬ ማንነቱን ሳትጠይቅ ታስገባለች። አንድ ዓመት አሥራ ሰባት እንግዳ ቆጥሬያለሁ፤ ስለት ያለባት አንዲት ሴት የሐር ጃንጥላ ተሸክማ የእኔ አልጋ ላይ አደረች። ባለቤቲቱ «እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት በዚያው ባቡር ነው» አሉ። «የባለቤቴ እናት ናቸው ያሳደሩኝ። በዚያው ቀረሁ።»

ሲመሽ ልንነሣ ስንል ልጃቸው ጠፋ። ከኋላ ግቢ የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማን። ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት። እኅቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።

ሦስት አልጋ አውጥቷል። አንደኛው የሽቦ ነው፤ ሁለቱ ታጣፊ። አጎበርም ሰቅሏል፤ በቀርከሃ ሳይሆን በመጥረጊያ እንጨት። «እናቴ ዓርብ ያላችሁትን ነገረችኝ» አለ። «የትኛው የት እንደሚሆን ግን አላውቅም።» እኅቴ ምንም ሳትል አንዱን ታጣፊ አልጋ ከተደፈነው ቀዳዳ ሥር አስጠጋች። እኔ ከኒሙ ጥላ ወጣ አልኩ። የሽቦ አልጋውን በሩ አጠገብ አቆምነው፤ ባለቤቲቱ «እኔ እዚያ እተኛለሁ፤ በሌሊት የሚመጣ ቢኖር እኔን ነው የሚያውቀኝ» አሉ።

አንሶላውን ውሃ ረጨነው። ሰማዩ ከልጅነቴ ይልቅ ፈዘዝ ብሏል፤ የከተማው መብራት በዝቷል። የጎረቤት ቬንትሌተር ይሰማል፤ ከሩቅ ባጃጅ ያልፋል። ከመንጋቱ በፊት ለባቡር መነሣት አለብን፤ ሆኖም እንቅልፍ አልመጣልኝም። ከእኅቴ አልጋ በኩል ደጋግሞ መገላበጥ እሰማለሁ። ከዚያ በጨለማው ውስጥ፣ ያን ያህል ጮክ ብላ ትናገራለች ብዬ ባላሰብኩት ድምፅ፣

«ሰላም እደሩ!» አለች።

ለጊዜው መልስ አልተሰማም። ቬንትሌተሩ ብቻ። ከዚያ ከቀኙ ግድግዳ ወዲያ የአንድ ወንድ ሳል፣ ቀጥሎም በኦሮምኛ «ማን ነው?» የሚል ድምፅ።

ባለቤቲቱ ከአልጋቸው ቀና ሳይሉ በዚያው ቋንቋ መለሱለት። «የቤቱ ልጆች ናቸው።»

ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ «ነጋን ቡላ» አለን።